ጀምበር ከኩታበር ማዶ፤ የአንድ ምሽት ጉዞ አዘገጃጀት

ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ አይቶ አያውቅም ብል የሚቆጣኝ ብዙ ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩት። በስተምዕራብ ጦሳ እንደ አጥር ቆሟል። ፀሐይ ገና አድማስ ሳትደርስ ከጦሳ ጀርባ ትገባና ጥላው ተንደርድሮ ፒያሳን ይሸፍናል። ሰማዩ ብሩህ ነው፤ ከተማው ግን መሽቷል። እኛ ደሴዎች ምሽትን የምናውቀው በጥላ ነው።

ጀምበርን እስከ መጨረሻዋ ክር ድረስ ማየት የፈለገ ከተማውን ለቆ መውጣት አለበት። እኔ የምመክረው ኩታበርን ነው። ከደሴ በሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ መሬቱ ወደ ምዕራብ ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ስለሚወርድ ፀሐይዋን የሚጋርድ ጦሳ የለም። ይህ ጽሑፍ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ፣ አካባቢውን በሚያውቅ ሰው እየተመሩ ገጠሩን በእግር አይቶ፣ ጀምበር አጥልቆ እንዴት በሰላም እንደሚመለሱ ያስረዳል።

ሆይ አን በምትባለው የቬትናም ጥንታዊ የወደብ ከተማ ይኸው ነገር ራሱን የቻለ እንጀራ ሆኗል። አስጎብኚው እንግዶቹን ከሰዓት በኋላ በብስክሌት ወይም በሞተር ይዞ ይወጣል፤ በሩዝ ማሳ መሐል፣ ጎሽ በሚጠብቁ ሰዎች አጠገብ እያሳለፈ ጀምበር ስትጠልቅ ሜዳው ወይም ወንዙ ዳር ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ እራት ይቀርባል። ሩዙን በገብስ፣ ጎሹን በበሬ ተኩት፤ ከኩታበር የሚለየው አሰናጂው ብቻ ነው። በአገራችንም ጅምሩ አለ፤ በሰሜን ወሎ መቄት ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች በገደል አፋፍ ላይ ተሠርተው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እግረኛ እንግዶችን ሲቀበሉ ቆይተዋል። ኩታበር ግን ትኬት ቆርጬ እገባለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ጉዞውን የምታሰናዱት ራሳችሁ ናችሁ።

ከሁሉ በፊት፦ መውጣት ይቻላል ወይ?

የአማራ ክልል ካለበት የጸጥታ ሁኔታ አንጻር ይህን ጥያቄ ዘሎ ስለ ጀምበር ውበት ማውራት ነውር ነው። ባለፈው ሳምንት የተከፈተ መንገድ በዚህኛው ሊዘጋ ይችላል። ባጃጅና መኪና ከመሸ እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊትና በዕለቱ ጠዋት ሁለት ወገን ጠይቁ፤ አንዱ የወረዳው አስተዳደር ወይም ፖሊስ ነው፤ ሌላው በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ነው። የሁለቱ መልስ አንድ ከሆነ ውጡ። ከተለያየ ቅሩ። የሰዓት ገደብ ባለበት ጊዜ ይህ ጉዞ ጭራሽ አይሞከርም፤ የምትመለሱት ሰዓቱ ከገባ በኋላ ነውና።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. የደሴና የኩታበር አካባቢ የጦር ግንባር ነበር። ከምሽግ ቦታ፣ ከተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከማታውቁት ብረት ራቁ፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከመኪና ሳይወርዱ ንገሯቸው። ከሰው መሄጃ ዱካ አለመውጣት የጉዞው የመጀመሪያ ሕግ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ክረምቱን እርሱት። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው በጉም ስለሚሸፈን ፀሐይ መኖሯም አይታወቅም። የካቲትና መጋቢት ላይ የበልግ ደመና ሊመጣ ይችላል፤ ካልመጣም አቧራው ማዶውን ያደበዝዘዋል፣ ምንም እንኳ ያው አቧራ ጀምበሯን ቀይ ቢያደርጋት። መስከረም አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ አደይ አበባ፣ የሚያብብ ባቄላ። ሆኖም መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ስለሆነ፣ ተጓዡም በዚሁ የኩታበር መንገድ ስለሚወጣ፣ ከበዓሉ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት መኪና ማግኘት ፈተና ነው። እንደኔ ምርጫ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ያለው ጊዜ ነው። አየሩ ይጠራል፣ ገብሱ ይነጣል፣ አውድማ ላይ በሬ ይዞራል።

ሰዓቱን በግምት አትያዙት። ፀሐይ በኅዳር 11 ሰዓት ከ50 ገደማ ትጠልቃለች። በጥር አጋማሽ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ይሆናል፤ በሰኔ መጨረሻ 12 ሰዓት ከ45 ይደርሳል። ይህ ለሜዳ አድማስ ነው፤ ማዶ ተራራ ካለ ደቂቃዎች ይቀነሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚያስኬድ ብርሃን የሚኖራችሁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ በኩል ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን ይሳሳታሉ። እነሱ ባሉበት አገር በበጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ድንግዝግዙ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ “ገና ነው፣ ትንሽ እንቀመጥ” ይላሉ። እኛ ዘንድ ጨለማው አያስጠነቅቅም፤ ዱብ ይላል።

የተሻለ ምሽት ከፈለጋችሁ ጨረቃ የምትሞላበትን ቀን ያዙ። ወሎ ውስጥ ይህን ለማወቅ መተግበሪያ አያስፈልግም፤ የሂጅራውን ወር የሚቆጥር ጎረቤት አይጠፋምና ወሩ 14 የሚሞላበትን ቀን ጠይቁ። በዚያ ምሽት ፀሐይ በምዕራብ ስትገባ ጨረቃ በምሥራቅ፣ በአፋር በኩል ትወጣለች፤ የመመለሻውንም ዱካ ታበራላችኋለች። በረመዳን ግን ይህን ጉዞ አታስቡት። ጀምበር የጠለቀችበት ቅጽበት የማፍጠሪያ ሰዓት ነው፤ አስጎብኚያችሁም አስተናጋጃችሁም ቤታቸው መሆን አለባቸው። ተጋብዛችሁ ማዕዱ ላይ ከተቀመጣችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ቀን ጀምበሯ ትቅርባችሁ።

አስጎብኚ ማግኘትና መዋዋል

የመጀመሪያው በር የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። የታወቀ አስጎብኚ ባይኖራቸው እንኳ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይጠቁማሉ፤ መምጣታችሁንም ያውቃሉ፤ ይህ ለራሳችሁ ደኅንነት ነው። ሁለተኛው በር ዘመድ ነው። ደሴ ውስጥ ኩታበር ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ እዚያ የሚያስተምር ጓደኛ ፈልጉ።

ጥሩ አስጎብኚ የትኛው ነው? ብዙ የሚያወራው አይደለም። የማን ማሳ የት ጋ እንደሚያልቅ የሚያውቅ፣ በመንገድ ላይ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ በስሙ የሚጠራ፣ መስጊድ በርም ቤተ ክርስቲያን ደጅም ሲደርስ ምን እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ መፈተኛ አለኝ፦ “ውሻው የሚፈታው ስንት ሰዓት ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። ሳያስብ ከመለሰ ያገሩ ልጅ ነው። በገጠር ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ሲመሽ ይፈታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከጨለመ በኋላ በሰው ደጅ ሊያሳልፋችሁ አይገባም።

ውሉ በቃል ቢሆንም ዝርዝር ይሁን። የአስጎብኚው አበል ስንት ነው? ቡና የምትጠጡበት ቤት ድርሻ ከዚያ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ስንት ሰው ናችሁ? እኔ ከስድስት በላይ አልመክርም፤ ከዚያ ካለፈ ጉዞ ሳይሆን ሰልፍ ነው። ለባለቤቲቱ የሚሰጠውን አስቀድማችሁ ለይታችሁ ያዙና በሰላምታ መልክ በእጇ ስጧት፤ “ለቡናው” ማለት ይበቃል። በመንገድ ላይ ለሚከተሏችሁ ልጆች ግን ብር አትስጡ። ለዚያ ቀን ያስደስታቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውን እንግዳ ግን ከብት ጥለው ይከተሉታል፤ ብሶም ትምህርት ቤት ጥለው።

ከምንም በላይ የመመለሻውን መኪና ተዋዋሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከአንድ ሚኒባስ ሾፌር ጋር “ታደርሰናለህ?” ብዬ ተስማማሁ፤ “ትመልሰናለህ?” ማለቱን ዘነጋሁ። ከጀምበሯ ተደስተን ስንመለስ መኪናው የለም፤ ሰው ሞልቶለት ሄዷል። አስጎብኚያችን “አብሽሩ፣ አንድ ነገር አይጠፋም” እያለ በስልክ መብራት መንደር ለመንደር አዞረን፤ በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ አገኘንና ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣበን ደሴ ገባን። ሾፌሩን አልወቅሰውም፤ የጠየቅሁትን አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ክፍያ የምሰጠው ደሴ ስንገባ ነው።

የሚያዝ

ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ በ9 ሰዓት ላብ ቢያጠምቃችሁም። ኩታበር ደጋ ነው፤ ፀሐይዋ ስትገባ ሙቀቷን ይዛ ነው የምትገባው። ያልተላጠ ሶል ያለው ጫማ፣ የባትሪ መብራት፣ የተሞላ ስልክ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውኃ። ከኮምቦልቻ ለምትመጡ ማስታወሻ፤ እናንተ ከዝቅተኛው ስለምትነሱ፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከዚያ በላይ ስትወጡ ደግሞ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ይሰማችኋል። ቀስ በሉ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ አርፎ በዚያው ቀን ኩታበር የሚወጣ ሰው አለ፤ አንድ ቀን ደሴ ቢያድር ይሻለዋል።

ምግብ ከያዛችሁ ሥጋ አይሁን። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራል፣ በአንድ ሰፈር ያገባል፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝ ለሁሉም ይሆናል፤ ረቡዕና ዓርብ ቢውልም አያሳፍርም።

በመንገድ ላይ ቦሩ ሜዳ

ከደሴ 8 ሰዓት ላይ ውጡ። ኩታበር ለመድረስ አንድ ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ ቢያንስም ትርፍ ነው። በመንገዱ ቦሩ ሜዳን ታልፋላችሁ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚህ ነው። የወሎው ባላባት መሐመድ አሊ ከጉባኤው በኋላ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ለብዙው የወሎ ሙስሊም ግን ያ ዘመን የግዴታና የስደት ዘመን ነበር፤ አስጎብኚያችሁ ይህን ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። የደሴም ስም ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ይያያዛል፤ በ1875 ዓ.ም. ገደማ ጅራታም ኮከብ አይተው በደስታ ያወጡላት ስም ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ከተማችን ስሟን ያገኘችው ሰማይ ሲያይ ካመሸ ሰው ነው።

እዚህ ከመኪና አትውረዱ። ለቦሩ ሜዳ ሌላ ቀን ያዙላት፤ ዛሬ ሰዓት አለባችሁ።

ቡናው ከጀምበር በፊት

የቬትናሞቹ አሰናዳድ እኛ ጋ የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጀምበር ካጠለቁ በኋላ ይመገባሉ። ከብራዚል ቀጥሎ ለዓለም ገበያ ብዙ ቡና የምትሸጥ አገር ይዘው እንኳ ቡናቸው በአንድ ስኒ ያልቃል። የኛ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስቴ ፈልቶ ሲጠጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በረካን ሳይጠጡ መነሳት ደግሞ ምርቃቱን ጥሎ መሄድ ነው። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ቡና ከተቀመጣችሁ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ መንገዱም ያስፈራል። ስለዚህ ገልብጡት። 9 ሰዓት ላይ ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ቡናው ቤት ግቡ።

ስትገቡ ባለቤቲቱ “ቤት ለእምቦሳ” ካለቻችሁ “እምቦሳ እሰሩ” በሉ። የከተማ ልጅ ይህን ረስቶ ዝም ሲል አይቻለሁ፤ ዝምታው ጥጃ የነፈገ ያስመስላል። ሴቲቱ በዕድሜ ከገፉ “እማማ”፣ ሰውየው ሽማግሌ ከሆኑ “አባባ” ማለት ያዋጣል። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ጠይቁ፤ ሴቶችን ደግሞ በአስጎብኚው በኩል። ስለ ብር፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መሬት ስፋት አትጠይቁ። ስለ ገብሱ ጠይቁ። ገበሬ ስለ ገብሱ ሲጠየቅ ሰዓቱን ይረሳል፤ እናንተ ግን እንዳትረሱ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳላችሁ።

ወደ አፋፉ

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የጉዞው ልብ ነው። ቀስ ብላችሁ በድንበር ዱካ ተጓዙ፤ ያልታጨደ ማሳ ውስጥ አትግቡ፣ ለፎቶም ቢሆን። ይህ በገጠር “ከብት መግቢያ” የሚባለው ሰዓት ነው። በጎቹ ይመለሳሉ፣ እረኛው በጅራፉ ያስተጋባል፣ ከየጎጆው የባሕር ዛፍ ጭስ ይወጣል። ከብት ሲመጣ ከዱካው ወርዳችሁ አሳልፉ፤ በላይኛው በኩል ቁሙ እንጂ በገደሉ በኩል አትቁሙ።

በር የሚለው ቃል በቦታ ስም ውስጥ መተላለፊያ ማለት ነው፤ ጣርማ በር፣ ሸዋ በር እንዲሉ። የኩታበር ምድር በእርግጥም በር ነው፤ ለውኃ። አስጎብኚያችሁን ውኃው የሚከፈልበትን ጀርባ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከኩታበር በስተምዕራብ የሚነሳው በሽሎ በጥልቅ ሸለቆው እየተጠማዘዘ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይደርሳል። በዚህኛው በኩል የሚወርደው ቦርከና ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽ ባሕር አያይም፣ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በአንድ ዝናብ የወረዱ ሁለት ጠብታዎች አንዱ እስክንድርያ፣ ሌላው አፋር። እዚያ ቆሜ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጀምበሯን ለአፍታ እረሳታለሁ። በሽሎ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የሚወጣው የእንግሊዝ ጦር የተሻገረው ወንዝ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የወደቁባት አምባ ከሸለቆው ወዲያ ናት።

11 ሰዓት ተኩል ላይ የምትቀመጡበት ቦታ ድረሱ። አፋፉ ጫፍ ላይ አትቀመጡ፤ ሦስት አራት ሜትር ወደ ኋላ በሉ፤ ከዝናብ በኋላ ጫፉ ይናዳል። ጀምበሯ ገና ከፍ ሳለች በዓይንም በካሜራ ማጉያም ትክ ብላችሁ አትዩዋት። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ጀምሩ፤ የማሳው መልክ፣ የሣር ጎጆው፣ የሰዉ ፊት በዚያ ብርሃን የሚያምረውን ያህል ጀምበሯ ራሷ በስልክ አታምርም። ከዚያ ስልኩን ኪስ ክተቱት።

ልክ ስትገባ ከመንደሩ የመግሪብ አዛን ይሰማል። አስጎብኚያችሁ ሙስሊም ከሆነ ፈቀቅ ብሎ ይሰግዳል። በዚያን ጊዜ አትጥሩት፣ ከፊቱ አትለፉ፣ ፎቶም አታንሱት። በምዕራብ ሰማዩ የቀረውን ቀለም እያያችሁ ጠብቁት። ጨረቃ የሞላችበት ቀን ከሆነ ደግሞ ዞር በሉ፤ በጀርባችሁ ወጥታለች።

መመለስ

ፀሐይዋ ከገባች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተነሱ። ስትመጡ በተራ እንደተጓዛችሁ ሁሉ ስትመለሱም አስጎብኚው ከፊት፣ ከቡድኑ ጠንካራው ከኋላ ይሁን። መንደር ስትገቡ አስጎብኚው ድምፁን ያሰማል፤ እናንተም እያወራችሁ ሂዱ። ውሻም ሰውም ዝም ብሎ የሚመጣን ነው የሚጠራጠረው። ጅብ ሊጮህ ይችላል፤ ሩቅ ነው፤ ዱካውን ይዛችሁ ተሰብስባችሁ እስከሄዳችሁ ድረስ አይጠጋችሁም።

12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ጋ ብትደርሱ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ናችሁ። ሾፌሩን አታጣድፉት፤ በዚያ መንገድ ላይ በዚያ ሰዓት መብራት የሌለው ጋሪ፣ አህያ፣ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ አለ። ቤታችሁ ስትገቡ ለአስጎብኚው ደውሉለት። “ገባን” እስክትሉት እሱም አይተኛም።